የሰው ወርቅ አያደምቅ
በሌላ ሰው ፕሮግራም ላይ መስኮት ለሚያበጁ ወጣቶች

ባለፈው ዓመት አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ መምህራን ክፍል መጣና የሠራውን ሥራ አሳየኝ። የቪዲዮ ፋይል የሚያሳንስ ፕሮግራም ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይህን ሥራ ከ2000 ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን የሚታዘዘው በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ስለሆነ፣ የትእዛዙን ቃላት የማያውቅ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ልጁ ለዚህ ዝምተኛ ሞተር መስኮትና ቁልፍ አበጀለት፤ ቁልፎቹንም በአማርኛ ሰየማቸው።

«ቲቸር፣ ልሸጠው አስቤአለሁ። መስኮቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ታዲያ ማን ይከለክለኛል?» አለኝ።

መስኮቱስ በእርግጥ የእሱ ነው። ነገር ግን ከመስኮቱ በስተኋላ ያለው የማን ነው? ይህ ጥያቄ በዛሬው ጊዜ ብዙ ወጣቶችን፣ በየመሥሪያ ቤቱም ለሥራቸው ትንንሽ ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ጸሐፊዎችንና የሒሳብ ሠራተኞችን የሚመለከት ስለሆነ፣ በመጠኑ ማብራራት ይገባል።

ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር ሶርስ ኮዱ፣ ይኸውም ደራሲው የጻፈው የፕሮግራሙ መነሻ ጽሑፍ፣ ለማንም ተገልጦ የሚሰጥ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ባለቤት የሌለው ዕቃ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደራሲው በመብቱ ላይ ቆሞ «በዚህ ውል ተጠቀሙበት» ብሎ ፈቀደ እንጂ መብቱን አልጣለም። ውሎቹም ልዩ ልዩ ናቸው። ኤም.አይ.ቲ. እና ቢ.ኤስ.ዲ. የተባሉት ፈቃዶች የደራሲው ስምና የፈቃዱ ቃል ከሥራው ላይ እንዳይፋቅ ከመጠየቅ ብዙም አያልፉም። ሪቻርድ ስቶልማን በ1989 ያወጣው ጂ.ፒ.ኤል. ግን ከዚህ የጠነከረ ነው። በዚህ ፈቃድ በወጣ ሥራ ላይ ተመሥርቶ አዲስ ፕሮግራም የሚያድል ሰው፣ የሙሉውን ሥራ ሶርስ ኮድ በዚያው ፈቃድ መስጠት አለበት። ጂ.ፒ.ኤል. የሚከለክለው መደበቅን ነው እንጂ መሸጥን አይደለም። ለሌላ ሳያድል በቤቱ ለራሱ ብቻ የሚሠራበትን ሰው ደግሞ ሶርስ ኮድህን አውጣ አይለውም።

ከኔ ተማሪ በፊት ይህ ነገር አንድ ጀርመናዊ ተማሪን አጋጥሞት ነበር። በ1995 በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ማቲያስ ኤትሪሽ ላቴክ ለተባለው የጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም መስኮት ለማበጀት ተነሣ። ላቴክ የሒሳብ ቀመር የበዛበትን ጽሑፍ አሳምሮ ያሰናዳል፤ ሆኖም ጸሐፊው በየመካከሉ ብዙ ምልክትና ትእዛዝ ማስገባት አለበት። ሊክስ የተባለው የኤትሪሽ ፕሮግራም በመስኮቱ የተጻፈውን ወደ ላቴክ ቋንቋ ይመልስና በፋይል አድርጎ ለላቴክ ያቀብለዋል። ሁለቱ እንደ ደንበኛና እንደ ልብስ ሰፊ ናቸው። ደንበኛው ልኩን ይሰጣል፣ ልብሱን ይቀበላል፤ በዚህ ምክንያት ግን የልብስ ሰፊው ቤተሰብ አይሆንም።

ችግሩ ከወዲህ በኩል መጣ። ኤትሪሽ መስኮቱን የሠራው ኤክስፎርምስ በተባለ ላይብረሪ ነበር። ላይብረሪ ማለት ሌላው ፕሮግራም ከራሱ ጋር አያይዞ የሚሠራበት የተዘጋጀ ኮድ ነው። ሊክስ በጂ.ፒ.ኤል. ሲወጣ የኤክስፎርምስ ሶርስ ኮድ በዚያን ጊዜ ዝግ ነበር። ሙሉው ይገለጥ የሚል ፈቃድ ከማይገለጥ ክፍል ጋር እንዴት ይስማማል? የሊክስ ሠሪዎች ከኤክስፎርምስ ጋር ማያያዝ የተፈቀደ መሆኑን በግልጽ መናገር አስፈለጋቸው። ሥራው የራሳቸው ስለነበረም ይህን ለማለት ሥልጣን ነበራቸው።

በኦክቶበር 14 ቀን 1996 ይኸው ኤትሪሽ ከዚህ የሚበልጥ ሐሳብ አመጣ። በዩኒክስ ኮምፒዩተሮች ላይ የአንዱ ፕሮግራም መልክ ከሌላው አይገጥምምና፣ ለተራው ሰው የሚመች አንድ ወጥ ገጽታ በኅብረት እንሥራ ብሎ ጥሪ አደረገ። ኬ.ዲ.ኢ. የተጀመረው በዚህ ጥሪ ነው። ለመስኮቶቹ የተመረጠው ላይብረሪ ትሮልቴክ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ያዘጋጀው ኪዩት ነበር። ኪዩት በዚያን ጊዜ ለነፃ ፕሮግራም ሠሪዎች ያለ ዋጋ ይሰጥ ነበር፤ አሻሽሎ ማደል ግን በፈቃዱ ተከልክሎ ነበር።

የኬ.ዲ.ኢ. ሰዎች ራሳቸው የጻፉትን ከኪዩት ጋር ቢያያይዙ ብዙ የሚያስወቅስ አልነበረም። ጭንቁ የመጣው ሌሎች በጂ.ፒ.ኤል. ያወጡትን ፕሮግራም ወስደው የኪዩት መስኮት ሲያለብሱት ነው። ለምሳሌ የሰነድ ማሳያው ኬጎስትቪው የተገኘው ጎስትቪው ከተባለ የቀድሞ ሥራ ነበር። እንዲህ ላለው ሥራ የመጀመሪያው ደራሲ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ አዳይ ማኅበር በኦክቶበር 1998 ኬ.ዲ.ኢ.ን ከስብስቡ አወጣው። ቀደም ብሎም በኦገስት 1997 ሚጌል ደ ኢካሳና ፌዴሪኮ ሜና የተባሉ ሁለት ሜክሲኳውያን ግኖም የተባለውን ሌላ ገጽታ ጀምረው ነበር። በአንድ ላይብረሪ ፈቃድ ምክንያት ባለሙያው ለሁለት ተከፍሎ አንዱን ዓይነት ሥራ ሁለት ጊዜ ሠራው።

ትሮልቴክ ነቀፌታውን ሰምቶ ፈቃዱን በ1999 አላላው፤ ከጂ.ፒ.ኤል. ጋር ግን ገና አልገጠመም። በመጨረሻ በሴፕቴምበር 2000 ኪዩት ራሱ በጂ.ፒ.ኤል. ወጣና ጠቡ በረደ። ኬ.ዲ.ኢ.ም ግኖምም እስከ ዛሬ አሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ መስኮት የሚያበጅ ሰው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ማየት እንዳለበት ነው። ወደ ኋላ የሚያየው ሞተሩን ነው። ሞተሩን ለብቻው እንደሚሮጥ ፕሮግራም ጠርቶ ትእዛዝ ብቻ ካቀበለው፣ የጂ.ፒ.ኤል. ባለቤቶች ራሳቸው እንደሚያስረዱት፣ ሁለቱ እንደ ተለያዩ ሥራዎች መታየታቸው የተለመደ ነው። የሞተሩን ኮድ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ ካያያዘው ግን የሞተሩ ፈቃድ እስከ መስኮቱ ሊደርስ ይችላል። ወደ ፊት የሚያየው ደግሞ መስኮቱ የተሠራበትን ላይብረሪ ነው፤ የዚያም ውል ከሞተሩ ውል ጋር መግጠም አለበት። ስምም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ኮዱ ነፃ ሆኖ ስሙ በንግድ ምልክት ሊጠበቅ ይችላል፤ ዴቢያን ከ2006 እስከ 2016 ፋየርፎክስን አይስዊዝል እያለ ያደለው በዚህ ምክንያት ነው።

«በነፃ በተሰጠ ነገር ማን ይከሰሳል?» የሚል ቢኖር፣ በ2008 አንድ የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት የመጫወቻ ባቡር መቆጣጠሪያ ስለሆነ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም የሰጠውን ውሳኔ ያስታውስ። ሥራው ያለ ዋጋ ቢሰጥም፣ የፈቃዱን ግዴታ የጣሰ ሰው በቅጂ መብት ሊጠየቅ እንደሚችል ፈርዷል። በአገራችንም በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች ጋር ቆጥሮታል።

ከተማሪዬ ጋር ተቀምጠን ሥራውን መረመርን። ኤፍኤፍኤምፔግን ለብቻው ይጠራዋል እንጂ አላያያዘውም፤ ስለዚህ መስኮቱን በፈለገው ውል መስጠት ይችላል። ነገር ግን ኤፍኤፍኤምፔግን በአንድ ጥቅል አብሮ ሊያድል አስቦ ነበር፤ ያን ጊዜ የኤፍኤፍኤምፔግን ፈቃድ ቃል ማስገባትና ሶርስ ኮዱን ማቅረብ ግዴታው ነው። ከዚህም ሌላ በፕሮግራሙ ላይ «ሙሉ በሙሉ በእኔ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ያን ጽሑፍ ሳነበው ዝም አልኩ፤ እሱም አንገቱን ደፋ።

በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ጽሑፉ ተለውጧል። ቪዲዮውን የሚያሳንሰው ኤፍኤፍኤምፔግ መሆኑን፣ ፈቃዱ የትኛው እንደሆነና ሶርስ ኮዱ ከየት እንደሚገኝ ይናገራል። ከሥሩ የራሱ ስም አለ፤ ከፊቱም «መስኮቱን ያበጀው» ይላል። ይህ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ትንሽ ስም አይደለም።