የባቡር ሞዴል እንዴት ይነሣ? እንዴትስ ይጩኽ?

ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ገብታችሁ «ባቡር ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አንዳንዱ ልጅ ስለ ወፍጮው ሞተር ሊነግራችሁ ይችላል። አልተሳሳተም፤ በገጠር የእህል ወፍጮውም ባቡር ይባላል። በሐዲድ የሚሄደው ምድር ባቡር ግን ወደኛ አልመጣም። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ እንጂ ዓባይን አልተሻገረም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመርም የሚሄደው በዚያው በምሥራቅ በኩል ነው። ስለዚህ እኛ ዕጩ መምህራን ሠርተን የምንወስደው ሞዴል ለተማሪው ባቡሩ ራሱ ይሆናል። ሞዴሉ ከዋሸ ደግሞ የሚያርመው የለም።

ታዲያ ሞዴል የሚዋሸው የት ላይ ነው? በቀለሙ አይደለም፤ በአነሣሡ ነው። በውጭ አገር በብዛት የሚሠራው የባቡር ሞዴል ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም እያንዳንዱ 87 ጊዜ ሲያንስ ክብደቱ የሚያንሰው 658,503 ጊዜ ነው። ሂሳቡን ሞክሩት፤ 60 ቶን የነበረው ሎኮሞቲቭ ወደ 91 ግራም ይወርዳል! እንዲህ የቀለለ ነገር ኤሌክትሪክ ሲለቁበት እንደ ፌንጣ ይዘላል፤ ሲያቋርጡበትም ድርቅ ብሎ ይቆማል። እውነተኛው ባቡር እኮ ሲነሣ ያምጣል፣ ለመቆምም ረጅም መንገድ ይፈልጋል። ሞዴል ሠሪዎቹ መጀመሪያ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ከባድ ብረት አስገቡበት። ኋላ ደግሞ በሐዲዱ በኩል ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተጨመረ፤ ኃይሉን ቀስ በቀስ ይለቃል፣ ከእውነተኛ ሎኮሞቲቭ የተቀዳ ድምፅም ያሰማል።

ድምፁ የራሱ ሕግ አለው። ባለ ሁለት ሲሊንደር የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እያንዳንዱ ፒስቶን በሁለቱም በኩል ስለሚገፋ፣ ጎማው አንድ ዙር ሲዞር አራት ጊዜ «ፉፍ» ይላል። ጎማው የ1 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 106 ያህል ፉፍታ ይሰማል። በሰዓት 40 ሲገባ ወደ 850 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ጆሮ መቁጠሩን ትቶ አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ይህን ያለ ኤሌክትሪክም መሥራት ይቻላል። ጣውላ ላይ ጎማዎች ግጠሙ። አንዱ ጎማ ከነዘንጉ አብሮ የሚዞር ይሁን፤ በሱ ላይ አራት ሚስማር በእኩል ርቀት ምቱ። ጫፉ ሚስማሮቹን የሚነካ ስስ ቆርቆሮ ባዶ ጣሳ ላይ እሰሩ። ጎማው በዞረ ቁጥር አራት ጊዜ ይመታል፤ ስትፈጥኑ ይፈጥናል፣ ስትቆሙ ይቆማል። ድምፁን ከጎማው ነጥሎ በአፍ ብቻ ማሰማት አይበቃም፤ ልጁ መቁጠር መቻል አለበት።

ክብደቱስ? ድንጋይ ጫኑበት፤ ከዚያ በገመድ ሳይሆን በላስቲክ ጎትቱት። ሲነሣ ላስቲኩ ይለጠጣል፣ መሄድ ከጀመረ በኋላ ያጥራል። ኢነርሺያ የሚባለውን ነገር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሥዕል በበኩሌ አላውቅም። ጎማዎቹ ግን በደንብ የሚሽከረከሩ ይሁኑ፤ አለዚያ የምታሳዩት ሰበቃን ነው።

የናፍጣው ባቡር ሌላ ነው። ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ ጎማዎቹ ዘንድ ላሉት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ኃይል ይሰጣል። ስለዚህ ድምፁ የሚከተለው ሥራውን ነው እንጂ ጎማውን አይደለም። ባቡሩ ገና ሳይነቃነቅ ሞተሩ ያጓራል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ፍጥነቱ ሳይቀንስ ድምፁ ይለዝባል። እዚህ ላይ የወፍጮ ቤቱ ባቡር ይረዳናል። በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ አጠገብ የቆመ ልጅ፣ በቆሎው ሲገባበት ሞተሩ እንዴት ድምፁን እንደሚያወፍር፣ እህሉ ሲያልቅ እንዴት እንደሚቀለው ያውቃል። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ ሞተር ይሁንና ያጓራ፣ ግማሹ ተያይዞ ፉርጎ ይሁን። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ማንም እግሩን እንዳያነሣ። ከተነሡ በኋላም የፊተኛው እጅ ሲሳብ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያም የሚቀጥለው ይነሣል እንጂ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይንቀሳቀስም፤ በፉርጎዎቹ ማያያዣ መካከል ትንሽ ክፍተት አለና።