የዕለት እንጀራ የሆነው ሥዕል

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሥነ ጥበብ ላይ ስላመጣው ለውጥ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በጨረታ በሚሸጡና በውድድር በሚሸለሙ ሥራዎች ዙሪያ ነው፤ ሠዓሊው የቤት ኪራዩን የሚከፍልበት ትንንሽ ሥራ፣ ማለትም ታፔላው፣ የሰርግ መጥሪያው፣ የምግብ ቤቱ ግድግዳና የአልበሙ ሽፋን፣ እምብዛም አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ዐውደ ርእይ ላይ ሚድጆርኒ በተባለው የምስል ማመንጫ የተሠራ ሥዕል በዲጂታል ጥበብ ዘርፍ አንደኛ በመውጣቱ የተነሣው ጫጫታ ብዙ ገጽ ሞልቷል፤ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በማስታወቂያና በኅትመት ሥራ ለሚተዳደር ባለሙያ ግን ሽልማቱ ሩቅ ነው፣ ቅርቡ ነገ መሰቀል ያለበት ባነር ነው።

ትንንሹን ሥራ መናቅ ከታሪክም ጋር አይስማማም። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍነው የባለቀለም መስተዋት ሥራቸው የሚታወቁት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ቴምብርና ፖስተር ጭምር ነድፈዋል። በጅቡቲ ከተማ የሥዕል ገዥው ባለሱቅ፣ ባለምግብ ቤት፣ ሰርገኛ፣ ወይም ብዙዎች ዛሬም የምኒልክ አደባባይ በሚሉት በ27 ጁን አደባባይ አካባቢ ለአገሩ ማስታወሻ የሚሸምት የውጭ ወታደር ነው፤ የጥበብ ሰብሳቢ የሚባለው ገዥ ከእነዚህ አንጻር ጥቂት ነው። የጅቡቲ ፍራንክ በአንድ ዶላር 177.721 ሂሳብ ለአሥርት ዓመታት ተተክሎ የቆየ በመሆኑ፣ የሚድጆርኒ ዝቅተኛ ወርሃዊ ክፍያ የሆነው 10 ዶላር ወደ 1,777 ፍራንክ ይመጣል፤ ለአንድ ታፔላ የሚያስፈልገው ቀለምና ብሩሽ ብቻውን ከዚህ ሊበልጥ ስለሚችል፣ በዋጋ መወዳደር የሚባል ነገር ከመነሻው ያበቃለት ነው።

የመሣሪያው አሠራር ውስብስብ ቢመስልም ሐሳቡ ይገባል። ብዙዎቹ የምስል ማመንጫዎች የተመሠረቱት የስርጭት ሞዴል በሚባል ስልት ላይ ሲሆን፣ ይህም ምስሎችን ደረጃ በደረጃ በዘፈቀደ ነጠብጣብ እያበላሹ፣ ፕሮግራሙ ብልሽቱን ወደኋላ መመለስ እንዲለምድ ማድረግ ነው፤ ከለመደ በኋላ ከባዶ ነጠብጣብ ተነሥቶ ደንበኛው በጽሑፍ የገለጸውን የሚመስል አዲስ ምስል ያወጣል። ልምምዱ የሚካሄደው ከድረ ገጾች በተለቀሙ ምስሎችና መግለጫዎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ላዮን 5ቢ የተባለው ስብስብ 5.85 ቢሊዮን ጥንድ ምስልና መግለጫ የያዘ ሲሆን፣ ወደ 2.3 ቢሊዮን የሚሆኑት መግለጫዎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የሥራዎቹ ባለቤቶች ፈቃድ አልተጠየቁም።

የዚህ ስብስብ ሚዛን አለመጠበቁ በሥራ ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ይታያል። አንድ ኢትዮጵያዊ ምግብ ቤት የቡና ሥነ ሥርዓት የሚያሳይ ባነር ሲያዝ፣ ደንበኛው በስልኩ ይዞት በሚመጣው ምስል ላይ ሲኒው እንደ ሻይ ኩባያ ጆሮ አውጥቷል፣ ረከቦቱ የሳሎን ጠረጴዛ ሆኗል፣ ቄጠማው እንደ ኳስ ሜዳ ሣር ከወለሉ በቅሏል፤ ከበላዩ ያለው ጽሑፍ ከሩቅ ሲያዩት ፊደል ይመስላል፣ ሲቀርቡት ግን ሀም ለም ያልሆነ ጭረት ነው። አዳዲሶቹ ስሪቶች በዚህ ረገድ እየተሻሻሉ መሆናቸው አይካድም። ይሁንና የታዘዘው ሥራ ባሕርይ ተለውጧል፤ ቀድሞ «ሥራልኝ» ይል የነበረው ደንበኛ አሁን «ሥዕሉ አልቋል፣ ጽሑፉን ብቻ አስተካክልልኝ» ይላል። ረከቦት ምን እንደሚመስል ማወቅን የሚጠይቀው እርማት ከሥራው ያላነሰ ዕውቀት ይፈልጋል፣ የሚከፈለው ግን የማስተካከያ ዋጋ ነው። ኪሳራው በአኃዝ የማይታየውም ለዚህ ነው፤ ሥራው አልቀረም፣ ዋጋው ነው የወረደው።

ሠዓሊዎችም ሁልጊዜ ከሌላ ሲቀዱ ኖረዋል የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው፤ በዚያው ልክ ግን በኢትዮጵያ ታሪክ ሲመዘን ጎዶሎው ይገለጣል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሮም የታተመው የዓረብኛ ወንጌል የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ወደ ጎንደር ደርሰው የብራና ሠዓሊዎች እንደ አርአያ ተጠቅመውባቸዋል። ነገር ግን ሠዓሊው የቀዳውን በአገሩ ሥርዓት አልፎበታል፤ በዚህ ሥርዓት ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ሰይጣንና ከሓዲ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። «በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አሣሣል» የሚል መግለጫ የተሰጠው ፕሮግራም ቀለሙንና ትልልቁን ዓይን አሳምሮ ያመጣና መልአኩን በጎን፣ ዲያብሎሱን ፊት ለፊት ሊያደርግ ይችላል፤ ስሕተት መሆኑን አያውቅም፣ ካህኑ ቢጠይቀውም መልስ የለውም። ለሥዕል ዋጋ የሚሰጠው አንዱ ነገር ይህ ተጠያቂነት ነው።

የጅቡቲ ነገር ሲነሣ ደግሞ ከሥዕል ይልቅ ሙዚቃው ብዙ ያስተምራል። የአገሪቱ ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ በፈረንሳይኛ ምሕጻሩ አርቴዴ፣ ከ5,600 በላይ ዋና የድምፅ ክሮች የያዘ ቤተ መዛግብት አለው። ሳክስፎን ተጫዋቹ ሞሐመድ አብዲ አልቶና ጊታር ተጫዋቹ አብዲራዛቅ ሐጂ ሱፊ ያሉበት የጣቢያው ባንድ እ.ኤ.አ. በ2019 በጣቢያው ስቱዲዮ በሦስት ቀን የቀረጸውን አልበም ኦስቲናቶ ሪከርድስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ በ2020 አሳተመ፤ አልበሙም ማን፣ የት፣ በምን ስምምነት እንደተጫወተው ታውቆ ወደ ገበያ ወጣ። ክሮቹ ለረጅም ጊዜ በመደርደሪያ ላይ መቆየታቸው ከመለቀም ጠብቋቸዋል፤ ድብቅ መሆናቸው ያስከተለው ሌላ ጣጣ፣ «የጅቡቲ ዘፈን» ተብሎ የታዘዘ ማመንጫ ከየትም ያገኘውን የምሥራቅ አፍሪካ ዜማ ሊደባልቅ መቻሉ ነው። ትላልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ሱኖና ዩዲዮ የተባሉትን የሙዚቃ ማመንጫዎች ቅጂዎቻችንን ያለፈቃድ ለልምምድ ተጠቅማችኋል ብለው ከሰዋል፤ የአንድ ትንሽ አገር ሬዲዮ ግን ለእንዲህ ያለ ሙግት የሚበቃ ጠበቃ ስለማይኖረው፣ መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት ውሉ ቢጻፍ ይሻላል።

ለዕለት ደንበኛ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው የሕጉ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራ አመንጪ የሚለው በአእምሮው ፈጠራ ሥራውን ያስገኘን ሰው ነው፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም እ.ኤ.አ. በ2023ና በ2025 ማሽን ብቻውን ያስገኘው ምስል የቅጂ መብት እንደማይኖረው ወስነዋል። የንግድ ምልክት ምዝገባ የራሱ ሥርዓት ያለው ሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ ምስሉን እንዳለ ከማመንጫው አውርዶ የለጠፈ ባለቤት ማዶ ያለው ምግብ ቤት ያንኑ ሥዕል ቢሰቅል በቅጂ መብት የሚከስበት መሠረት ሊያጣ ይችላል። ይህ ሲነገራቸው ብዙዎቹ ባለምግብ ቤቶች ጥቂት ዝም ብለው፣ በእጅ ቢሠራ ስንት እንደሚያስከፍልና ለዓርብ ይደርስ እንደሆነ ይጠይቃሉ።