መሬት የማይነካው መስመር፦ ከ60 ዲግሪ ደቡብ በታች ሕጉ ይለያል

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና የደቡብ አሜሪካን ጫፍ አልፋችሁ ወደ ታች ውረዱ። ውሃ፣ አሁንም ውሃ ነው። 60 ዲግሪ ደቡብ የሚባለው የኬክሮስ መስመር የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው። ዓለምን ዞሮ እስኪገጥም ወደ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በመንገዱ ግን አንዲት ደሴት እንኳ አይነካም። የሰሜኑ አቻው ኖርዌይን፣ ስዊድንን፣ ፊንላንድን፣ ሩሲያንና ካናዳን ያቋርጣል።

መሬት ከሌለ ነፋሱንም ማዕበሉንም የሚያቆመው የለም። መርከበኞች አካባቢውን "የሚጮኹት ስድሳዎች" የሚሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ ባዶ ውሃ ላይ የተሰመረ መስመር ምን ይሠራል? ሕግ ይለያል። በቀዝቃዛው ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረትን ጨምሮ 12 አገራት ዋሽንግተን ላይ የአንታርክቲካን ስምምነት ፈረሙ። የስምምነቱ ክልል የሚጀምረው ከዚህ መስመር ነው። ከዚያ በታች የጦር ሰፈር መገንባት፣ መሣሪያ መሞከር፣ ኒውክሌር ማፈንዳት ክልክል ነው።

ሰባት አገራት "ይህ ቁራጭ የኔ ነው" ይላሉ። የአርጀንቲና፣ የቺሊና የብሪታኒያ ጥያቄ ደግሞ እርስ በርሱ ይደራረባል። ስምምነቱ ማን ልክ እንደሆነ አልፈረደም፤ የያዛችሁትን ጥያቄ ያዙ፣ አዲስ አታንሱ፣ ያለውንም አታስፉ ነው ያለው። ባይፈርድ ይሻላል፣ ቢፈርድ ኖሮ ግማሾቹ ባልፈረሙ ነበር።

"ማንም እንዳይገባ ተከልክሏል" የሚሉት ቪዲዮዎች ውሸት ናቸው። በ2022/23 የጉብኝት ወቅት ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ቱሪስቶች ሄደዋል። የተከለከለው ሌላ ነው፦ ከነሐሴ 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መርከቦች ወፍራሙን ጥቁር ነዳጅ ጭነው መስመሩን ማለፍ አይችሉም፤ ነፍስ ለማዳን ካልሆነ በቀር። በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ከፈሰሰ ቶሎ አይበተንማ።

ሌላው በሶሻል ሚዲያ የሚዞረው "ስምምነቱ በ2048 ያበቃል፣ ከዚያ ሁሉም ማዕድን ሊቆፍር ነው" የሚለው ነው። አያበቃም። ማዕድን ማውጣትን የከለከለው በ1991 ማድሪድ ላይ የተፈረመው ፕሮቶኮል ሲሆን ማብቂያ ቀን የለውም። ከ2048 በኋላ የሚለወጠው፣ በስምምነቱ ድምፅ ካላቸው አገራት አንዱ እንኳ "እንደገና እንየው" ብሎ ጉባኤ ማስጠራት መቻሉ ነው። ክልከላውን ለማንሳት ግን ያኔ ድምፅ ከነበራቸው አገራት ሦስት አራተኛው መስማማት አለባቸው፤ በቦታው የሚተካ አስገዳጅ የማዕድን ሕግም መኖር አለበት።