አናርኪዝም እና የባርሴሎና ትራሞች

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ «አናርኪስት» መባል ለሞት የሚያበቃ ክስ ነበር። ደርግ ኢሕአፓን የሚጠራው በዚህ ስም ነበርና። ኢሕአፓ ግን ማርክሳዊ ሌኒናዊ ፓርቲ ነበር፤ መንግሥትን ሊይዝ እንጂ ሊያጠፋ አልታገለም።

አናርኪስት ደንብ አይኑር አይልም። የሚቃወመው ከላይ የሚወርድ፣ በፖሊስና በእስር ቤት የሚጸና ሥልጣንን ነው። ፈረንሳዊው ፕሩዶን በ1840 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ራሱን በዚህ ስም በይፋ ጠራ። ሩሲያዊው ባኩኒን ደግሞ «የሠራተኛው መንግሥት» የተባለው ራሱ አዲስ ገዥ ይወልዳል ብሎ ከማርክስ ጋር ተጣላ፤ በ1872 ሄግ ላይ ከሠራተኞች ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ከአንደኛው ኢንተርናሽናል፣ ተባረረ። ከስታሊን በኋላ ለኖርን ሰዎች ማስጠንቀቂያው ከንቱ አይመስልም። ሦስተኛው፣ ክሮፖትኪን፣ ሰው በመረዳዳት ይኖራል ባይ ነበር። የእድር አባል ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ደንቡን አባላቱ ያወጣሉ፣ ዳኛውን ይመርጣሉ፣ የቀረውን ይቀጣሉ።

ነገር ግን እድር አገር አያስተዳድርም። ሐሳቡ በሰፊው የተፈተነው ስፔን ውስጥ ነው። በሐምሌ 1936 ጄኔራሎቹ በሪፐብሊኩ መንግሥት ላይ ሲያምጹ፣ ሲኤንቲ የተባለው የአናርኪስቶች ሠራተኛ ማኅበር ባርሴሎና ላይ መሣሪያ አንስቶ መፈንቅለ መንግሥቱን በማክሸፍ ግንባር ቀደም ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ትራሞቹ ቀይና ጥቁር ተቀብተው ሥራ ጀመሩ፤ የሚያስተዳድሯቸው ሠራተኞቹ ነበሩ። አራጎን ውስጥ ገበሬው መሬቱን በጋራ አረሰ፤ በአንዳንድ መንደሮች ገንዘብ ቀርቶ ኩፖን መጣ። ሁሉም ወዶ ገባ ማለት ግን አይደለም። የታጠቀ ሚሊሺያ አጠገቡ ቆሞ «በፈቃዴ ነው» ያለው ገበሬ ምን ያህል ነጻ ነበር? ሌላም ችግር ነበር፦ ጥሬ ዕቃና ገበያ ያለው ፋብሪካ ሲደላው፣ የሌለው ከሰረ፤ በሁለቱ መካከል መዳኘት ቀላል አልነበረም።

በእኔ ግምት ትራም መንዳትና እህል ማከፋፈል ያለ ሚኒስትር ይቻላል። ያልተፈታው ጦርነት ነው፦ አመፁ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ተለውጦ ነበር። የጦር መሣሪያ መግዣው ወርቅ በመንግሥት እጅ ነበር፤ ግንባሩም አንድ አዛዥ ይፈልጋል። የካታሎኒያው ፕሬዚዳንት ኮምፓኒስ በዚያው ሐምሌ የሲኤንቲን መሪዎች ጠርቶ ከተማዋ በእጃችሁ ናት ቢላቸው፣ ሥልጣኑን መጠቅለል አምባገነንነት ነው ብለው ተዉት። በኅዳር ግን አራት አናርኪስቶች የሪፐብሊኩ ካቢኔ ውስጥ ገቡ፤ ለዓመታት ታስሮ የኖረው ጋርሲያ ኦሊቬርም የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ። ሹመቱ ብዙ አልቆየም። በነሐሴ 1937 አናርኪስቶች ያቋቋሙትን የአራጎን ምክር ቤት ያፈረሰውና ወታደር ልኮ የገበሬዎቹን ማኅበራት የበተነው የአማፂዎቹ መሪ ፍራንኮ ሳይሆን ራሱ የሪፐብሊኩ መንግሥት ነበር።