ዳሽቦርዱ ሲዋሽ

የነዳጅ ጌጁ ባዶ ላይ የተኛ ዲኤክስ፣ የዘይት መብራቱ ጭራሽ የማይበራ አይሱዙ፦ በቃሊቲ ጋራዦች ደጃፍ እንዲህ ያለ መኪና አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ነውና ዳሽቦርዱ እውነቱን ቢናገር ይሻላል።

ጌጅ ሲቆም ባለቤቱ ሌላ ዳሽቦርድ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ይሮጣል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ ውጭ ነው። ልምድ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሻን ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት የቆመው አንዱ ይሁን ሁሉም ይጠይቃል። ሁሉም ባንዴ ከጠፉ ፊውዝ፣ ሶኬት ወይም ከቦዲ ጋር የሚታሰረውን ኔጌቲቭ ሽቦ ያያል። ነዳጅና ሙቀት አብረው ካበዱ ለሁለቱም ቮልቴጅ የሚመጥነውን ሬጉሌተር ይጠረጥራል። አንዱ ብቻ ከሆነ ወደ ሴንሰሩ ይወርዳል።

የነዳጁን እንይ። ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከነዳጁ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ሬዚስታንሱ ይለዋወጣል፤ ጌጁ የሚያነበው ይህንኑ ነው። ኤሌክትሪሻኑ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅሎ፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ የጌጁን ሽቦ በ3.4 ዋት አምፖል በኩል ቦዲ ያስነካል። በአሮጌ ቶዮታዎች ቀስቱ ወደ ሙሉ ከወጣ ጌጁ ጤነኛ ነው፤ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው። ካልተነሳ ሽቦው ወይም ጌጁ ራሱ ይፈተሻል። ታንክ አጠገብ ብልጭታ ስለሚያሰጋ ይህን ለባለሙያ መተው ነው።

የፍጥነት መቁጠሪያው አሠራር ሌላ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልዘ እ.ኤ.አ. በ1902 ባስመዘገበው ዘዴ፣ ከካምቢዮ የሚነሳ ገመድ ማግኔት ያሽከረክራል፤ ማግኔቱ አሉሚኒየሙን ሳይነካው ይጎትተዋል፤ አሉሚኒየሙ ቀስቱን ያዞራል፤ ቀጭን ሞላ መልሶ ይይዘዋል። ቀስቱም ኪሎሜትሩም ከቆሙ ገመዱ ሳይበጠስ አይቀርም። ቀስቱ እየሠራ ኪሎሜትሩ ከቆመ የፕላስቲክ ጥርሱ ተሰብሯል ማለት ነው። ቀስቱ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ገመዱ ደርቋል ወይም ታጥፏል።

የባትሪ መብራትንም መናቅ አይገባም። በብዙ አሮጌ መኪና ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው ኤሌክትሪክ በእሷ አምፖል በኩል ያልፋል፤ ከተቃጠለች ባትሪው ቻርጅ ላይደረግ ይችላል። አምፖሏ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሩብ ዙር ስትጠመዘዝ ትወጣለች።

እንዲህ በቀላሉ የምትወጣ በመሆኗ ለአጭበርባሪም ትመቻለች። የዘይት ግፊቱ የወረደ ሞተር ለመሸጥ የዘይቱን አምፖል መንቀል ይበቃል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ሊገዙ ሲሄዱ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱ። የዘይትና የባትሪ መብራቶች ሊበሩ፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ሊጠፉ ይገባል። ሳይበሩ ከቀሩ ስለ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ኤሌክትሪሻን ይጥሩ።