ተጨማሪ መረጃ፦ አሮጌው ማኪንቶሽ ኢንተርኔት ላይ

አፕል እ.ኤ.አ. በ1986 ለገበያ ያቀረበው ማኪንቶሽ ፕላስ ሲወጣ 1 ሜጋባይት ራም ብቻ ነበረው፤ የኢተርኔት (የኔትወርክ ገመድ) መሰኪያም ሆነ ዋይፋይ የለውም። ታዲያ ዛሬ ኢንተርኔት ሊጠቀም ይችላል? አዎ፣ በቨርቹዋል ማሽን አማካይነት።

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ተፈጥሮ፣ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ሥርዓት ነው። በላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የተባለ ስርዓተ ክወና የተጫነበት ቨርቹዋል ማሽን ይከፈታል፤ ማኪንቶሹም ከሞደም መሰኪያው በሚወጣ ሲሪያል ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ይያያዛል። ቨርቹዋል ማሽኑ እንደ አስተርጓሚ መሃል ገብቶ ዳታውን ወደ ኢንተርኔት ያሳልፋል፤ መልሱንም ለማኪንቶሹ ያደርሳል። ሆኖም የዛሬ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ምስጠራ (ኤችቲቲፒኤስ) ለአሮጌው ማሽን ከአቅም በላይ ነው።

ሞክሩ፦ የምትጎበኟቸው ድረ ገጾች አድራሻ በምን እንደሚጀምር ተመልከቱ፤ በ«https» ከጀመረ የተመሰጠረ ነው። ስንቶቹ የተመሰጠሩ ናቸው?