ዳይከን በጓሯችሁ፦ አዘራሩና የጤና ጥንቃቄው



"ዶክተር፣ ፍጅል ጨምቄ ብጠጣ የኩላሊት ጠጠሬን ያሟሟልኛል ወይ?" የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ፍጅል ጥሩ ምግብ ነው፣ የሐኪም ህክምናን ግን አይተካም። የጎን ውጋት ከትኩሳት ጋር ከመጣ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ጭማቂ እየጠጣችሁ አትጠብቁ፤ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

እንደ ምግብ ከሆነ ግን እኔም እመክራለሁ። ዳይከን ማለት ነጩና ረጅሙ ፍጅል ነው። ከጎመንና ከሰናፍጭ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ትንሽ ያቃጥላል። 95 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፤ በ100 ግራም ወደ 18 ካሎሪና 22 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ይሰጣል። ክብደት ለመቀነስ ለምትሞክሩ ሆድ ይሞላል፣ ስኳሩም ትንሽ ነው። ቅጠሉንም አትጣሉት፣ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል።

አዘራሩ እንዲህ ነው፦

👉 እንደ አዲስ አበባ ያለ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል። ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያብባል፣ ሥሩም ይጠነክራል።

👉 አፈሩን እስከ 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር ቆፍራችሁ ድንጋዩን ልቀሙ። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ጠለቅ ያለ ጆንያ ወይም አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል፤ ሥሩን ግን ለውሃ መውጫ ብሱት።

👉 ዘሩን 1 ሳንቲሜትር ያህል ቅበሩት። ሲበቅል በመሃል 10 እስከ 15 ሳንቲሜትር እየተዋችሁ አሳሱት።

👉 አፈሩ እንዳይደርቅ ውሃ አጠጡ። ከ50 እስከ 70 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል።

አሁን ዋናው ነገር! ሥሩ አፈር ውስጥ ነው የሚያድገው፣ ብዙ ጊዜም የሚበላው በጥሬው ነው። ስለዚህ ያልበሰበሰ እበት ወይም የፍሳሽ ውሃ ከነካው የወስፋት እንቁላልና ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች አብረው ይገባሉ። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ኮምጣጤም በረኪናም አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይገድሉትም። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ተጠቀሙ፣ በንጹህ ውሃ አጠጡ። ስትበሉት ደግሞ በሚፈስ ውሃ እየፈተጋችሁ እጠቡት፣ ላጡት። ቅጠሉን አብስሉት። ልጆች አፈር ነክተው ሲመጡ እጃቸውን በሳሙና አስታጥቧቸው።

ከገበያ የምትገዙትም ቢሆን ያው ነው። አቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማ አትክልት የከተማው ፍሳሽ በሚገባበት ውሃ እንደሚጠጣ አስታውሱ። ጓሮ ላይ ማልማት አንዱ ትልቅ ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ውሃውን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

የኩላሊት ድክመት ኖሮባችሁ ፖታሲየም ቀንሱ የተባላችሁ፣ አዘውትራችሁ ከመብላታችሁ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። የእንቅርት ህመም ያለባችሁም አትፍሩ፤ በልክ ከሆነና አዮዲን ያለው ጨው ከተጠቀማችሁ ችግር የለውም።

በረንዳ ላላቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከስር ጻፉልኝ። ጤናችሁ ይብዛ!